ወደ ልብ የተመለሱ ሰዎች፦ በአራዳና በፒያሳ የመዳን ታሪክ አሰባሰብ

በአማርኛ ከአእምሮ ሕመም የዳነ ሰው «ወደ ልቡ ተመለሰ» ይባላል፤ «ቀልቡ ተመለሰለት» የሚልም አለ። ሁለቱም አነጋገሮች ሕመሙን እንደ ጉዞ፣ ጤናውን እንደ ቤት ያዩታል፤ ሰውየው ከራሱ ርቆ ሄዶ ነበር፣ አሁን መጣ። ለመሄዱ የተሰጡት ቃላት ግን ለመመለሱ ከተሰጡት እጅግ ይበዛሉ። ጨርቁን ጣለ፣ ለየለት፣ ነካ አደረገው፣ ዞረበት፤ በአዲስ አበባ ደግሞ የሆስፒታሉን ስም ወስዶ «አማኑኤል ገባ»። የታመመውን ሰፈሩ ሁሉ ያወራዋል። የዳነው ግን ዝም ይላል፣ ዘመዶቹም ያንን ዘመን ደግሞ የሚያነሣባቸው እንዳይኖር ይጠነቀቃሉ። ስለዚህ የመዳንን ታሪክ የመሰብሰብ ሥራ በየዘመኑ ከዚህ ዝምታ ጋር ሲታገል ኖሯል። በየዘመኑም ታሪኩን የሚይዘው ከባለታሪኩ ሌላ የሆነ ሰው ነበር፦ ቄሱ፣ ደብተራው፣ ባለዛሩ፣ ተመራማሪው፣ ሐኪሙ፣ ጋዜጠኛው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ ወሬ የሚነገርበትም የሚሰማበትም ቦታ አራዳ ነበር። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ የተዘረጋው ገበያ ከእህልና ከከብት ሌላ ብዙ ነገር ይስተናገድበት ነበር፤ አዋጅ ይነገርበታል፣ ፍርድ ይፈጸምበታል፣ ከየአገሩ የመጣ ነጋዴ ያየውን ያወራበታል። «አራዳ» የሚለው ቃል ነቃ ያለ፣ ነገር ቶሎ የሚገባው የከተማ ሰው ማለት የሆነው ከዚሁ ተነሥቶ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛውረው መርካቶን ሲያቋቁሙ፣ ለአራዳ ፒያሳ የሚለውን ስም ተዉለት። ከአደባባዩ ብዙም ሳይርቅ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ግድም፣ «እሪ በከንቱ» የሚባል ሰፈር አለ። ጮኾ የሚደርስለት ያጣ ሰው ያወጣው የሚመስል ስም ነው። የሚሰማ ጆሮ የሞላበት ገበያና የሚሰማ የጠፋበት ሰፈር በአንድ ቁልቁለት ላይ ተጎራብተው ኖረዋል።

በአራዳ አንድ ሰው ድኛለሁ ብሎ በሕዝብ ፊት የሚቆምበት የታወቀ ወግ ስለት ነው። የጊዮርጊስ ወርኃዊ በዓል በየወሩ በ23፣ ዓመታዊው ደግሞ ሚያዝያ 23 ይውላል። በእነዚያ ቀናት ስለቱ የሰመረለት ሰው ጃንጥላ፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ጧፍ ወይም ዕጣን ይዞ ይመጣል። ስለቱ ሲገባ ምክንያቱ በአጭሩ ይነገርለታል፤ ታሞ ነበር፣ ተሳለ፣ ዳነ፤ ሰሚው እልል ይላል። የሕመሙ ዓይነት በግልጽ አይጠራም፤ «ክፉ ደዌ» ወይም «ጭንቅ» ከተባለ በቂ ነው። በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ለአእምሮ ሕመምተኛ የሚሆን ትልቅ መጠለያ አለ። ሰውየው ምን እንደ ነበረበት ሳይገልጥ መዳኑን በአደባባይ ይናገራል፣ ምስጋናውም በእልልታ ይጸድቅለታል። ለታሪክ ሰብሳቢ ግን የሚተርፈው ጃንጥላው ብቻ ነው። ባለስለቱ ቤቱ ሲገባ ታሪኩም አብሮት ይገባል።

የመናገር ግዴታው ሥር ከወንጌል ይመዘዛል። በጌርጌሴኖን አገር በመቃብር ቦታ ይኖር የነበረው፣ ሰንሰለት እየበጠሰ የሚጮኸው ሰው ከዳነ በኋላ ከፈወሰው ጋር ለመሄድ ቢለምንም አልተፈቀደለትም፤ ወደ ቤቱ ሄዶ ለዘመዶቹ የተደረገለትን እንዲናገር ታዘዘ። በጸበል ቦታ የሚሰጠው ምስክርነት ይህንኑ መንገድ ይከተላል። ከፒያሳ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ አድርጎ ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጓዘው አንድ የዳነ ሰው የተናገረውን ሰምቶ ነው። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ለምስክርነት የተለየ ሰዓት አላቸው። በሙስሊሙ ዘንድ ሩቅያ የተቀራለት ሰው ታሪክ ከዘመድ ወደ ዘመድ ይተላለፋል። ሁሉም ዘንድ የታሪኩ አቀማመጥ ይመሳሰላል፦ የጨለማው ዘመን፣ የመጨረሻው ተስፋ መቁረጥ፣ የመጣው ኃይል፣ ፍጹሙ መዳን። ግማሽ መንገድ ላይ ያለ፣ ዛሬ ተሽሎት ነገ የሚያገረሽበት ሰው በዚህ አቀማመጥ ውስጥ ቦታ አያገኝም።

በጽሑፍ የተሰበሰቡ የመዳን ታሪኮች ሲፈለጉ በአራዳ በመጀመሪያ የሚገኘው መጽሐፍ ተአምረ ማርያም ነው። መጽሐፉ በዳግማዊ ዐፄ ዳዊት ዘመን፣ በ14ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ግድም፣ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመለሰ፤ በ15ኛው ምዕት ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ሥርዓት አበጁለት። ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ሊቃውንት በአገራቸው የሆነውን እየጨመሩ አሳደጉት። ሠላሳ ያህል ታሪኮች ያሉት አለ፣ ከ300 በላይ የያዘም አለ። ኤንሪኮ ቼሩሊ ስለ መጽሐፉ ያዘጋጀው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1943 ሮም ታተመ። በቅርቡ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የምዝገባ ሥራም በየብራናው ተበታትነው የሚገኙ ከ1,000 በላይ የተለያዩ የተአምር ታሪኮችን ለይቷል። አንድ የታሪክ ስብስብ እንዲህ ለምዕት ዓመታት እየተመረጠ፣ እየተጨመረበትና እየተቀነሰበት መኖሩ ዛሬ ይህን ሥራ ለሚሠሩ ሰዎች ትልቅ ትምህርት አለው።

የተአምር ጸሐፊ ሲመርጥ የሚያየው ታሪኩ የሚያመለክተውን ኃይል ነው። ሰውየው ማን ነበር፣ ከዳነ በኋላ እንዴት ኖረ፣ ጎረቤቶቹ እንዴት ተቀበሉት የሚለው ብዙ አያሳስበውም። በጣም የታወቀው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በሰይጣን ተታሎ ከሰው መንገድ የወጣው፣ ቤተሰቡን ሳይቀር 78 ሰዎች የበላው ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለአንድ የተጠማ ለምጻም ባጠጣው ጥርኝ ውኃ ዳነ። የአራዳ ምእመናን ይህን ታሪክ ከልጅነት ጀምሮ ሰምተውታል። ከእሱ የሚያገኙት ተስፋ እውነተኛ ነው፤ ከሁሉ የራቀው ከተመለሰ ማንም ይመለሳል። የበላዔ ሰብእን የውስጥ ጭንቀት ግን ታሪኩ አይተርከውም፣ እንዲተርክም አልተጻፈም።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሌላ የታሪክ ቅሪት አለ። በየተአምሩ መጨረሻ ባለው የቡራኬ ቃል ውስጥ የመጽሐፉ ባለቤት ወይም አስጻፊ የክርስትና ስም ይገባል፤ መጽሐፉ ባለቤት ሲለውጥ የቀድሞው ስም ይፋቅና የአዲሱ ይጻፍበታል። በብዙ ብራናዎች ላይ ይህ የተፋቀ ቦታ ዛሬም በዐይን ይታያል።

ከመጽሐፉ ይልቅ ለታማሚው የሚቀርበው ክታብ ነው። ደብተራው በብራና ላይ የሚጽፈው ጥቅል የጸሎት ክታብ ብዙውን ጊዜ ርዝመቱ ከባለቤቱ ቁመት ጋር ይተካከላል፤ ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ ታስቦ ነው። በላዩ ላይ ጠልሰም ይሣላል፣ አስማት ይጻፋል፣ የሕመሞቹ ስሞች ይዘረዘራሉ፦ ዛር፣ ቡዳ፣ ሌጌዎን፣ ሾተላይ፣ ውጋት። በጸሎቱ ውስጥ በየቦታው የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባል፤ እዚህም ክታቡ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ስሙ ተፍቆ ይለወጣል። እንዲህ ያለ ክታብ በስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምም ይገኛል፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ቤተ መዘክሮችም በብዛት አለ። ፈረንሳዊው ዣክ መርሲዬ ክታቦቹን ለረጅም ዘመን አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በኒው ዮርክ ትልቅ ዐውደ ርእይ እንዲቀርብባቸው አድርጓል። አስረስ የሚባሉ ደብተራን የሕይወት ትዝታም እ.ኤ.አ. በ1988 ፓሪስ ላይ አሳትሟል፤ ፈዋሹ ራሱ የሚተርክበት ብርቅ መጽሐፍ ነው። ሁሉንም ክታብ አንድ ላይ ያነበበ ሰው የሕመሙን ስም፣ የሰውየውን ስም፣ የሰውየውን ቁመት ሳይቀር ያገኛል። ዳነ ወይስ አልዳነም የሚለው ግን የትም አልተጻፈም። ተአምረ ማርያም መዳኑን ጽፎ ሰውየውን ይተወዋል፣ ክታቡ ሰውየውን ጽፎ መዳኑን ይተወዋል።

በሦስተኛው መንገድ፣ በዛር ቤት፣ ታሪኩ የሚነገረው በታማሚው አፍ በመንፈሱ ስም ነው። ዛሩ ሲፎክር ዘሩን ይቆጥራል፣ ለምን በዚያ ሰው ላይ እንደ ወረደ ይናገራል፣ የሚፈልገውን ይጠይቃል። ይህን ወግ በጽሑፍ በማስቀመጥ በኩል ትልቁ ሥራ የተሠራው ከአራዳ ርቆ በጎንደር ነው። ከዳካር ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን በ1924 ዓ.ም. ክረምት ጎንደር ገብቶ ለአምስት ወር ያህል ቆየ። የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ መልካም አየሁ በተባሉ የዛር ባላባት ቤት እየዋለ የእሳቸውን፣ የልጃቸውን የእማዋይሽንና የታማሚዎቻቸውን ነገር መዘገበ። ቋንቋውን የሚያስተረጉሙለት፣ የሚነገረውንም በአማርኛ የሚጽፉት የኢትዮጵያ መንግሥት የመደባቸው ምሁር አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበሩ። የሌሪስ የጉዞ ማስታወሻ እ.ኤ.አ. በ1934፣ ስለ ዛር የጻፈው ጥናት በ1958 ታተመ። የጎንደር ሴቶች የሕይወት ታሪክ ፓሪስ ውስጥ መጽሐፍ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። ባለታሪኮቹ በማያነቡት ቋንቋ ተጻፈ፤ ያው ቡድን ከጎንደሩ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ያወረዳቸው ሥዕሎችም እዚያው ፓሪስ ቀሩ።

የዛር ቤት ስለ መዳን ያለው ሐሳብ ከተአምሩ ይለያል። ዛሩ በአብዛኛው አይለቅም፤ ይታረቃል። ታማሚዋ ግብሩን እያገባች፣ ቀኑን እየጠበቀች፣ ቡና እያፈላች፣ ከመሰሎቿ ጋር እየተሰበሰበች ትኖራለች፤ ውሎ አድሮ ሌላውን ታማሚ የምትረዳው እሷው ትሆናለች። አሜሪካዊው የባህል ተመራማሪ ሳይመን መሲንግ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ኢትዮጵያ ዛር ሲጽፍ ጉዳዩን የቡድን ሕክምና ብሎ ማየቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። የዘመኑ የአእምሮ ጤና ትምህርት ማገገምን የሚተረጉመው ምልክቱ ሁሉ ባይጠፋም ሰውየው ትርጉም ያለው ኑሮ መኖር መቻሉ ነው ብሎ ነው። በዚህ አንድ ነጥብ የጎንደር ዛር ቤት ከተአምር መጽሐፉ ይልቅ ለዛሬው ክሊኒክ ይቀርባል።

ዘመናዊው ሕክምና ወደ አዲስ አበባ የገባው ከዓድዋ ጦርነት ማግስት በመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልና በስድስት ኪሎ አጠገብ የተሠራው ቤተ ሳይዳ፣ የዛሬው የካቲት 12፣ ተከታትለው ተቋቋሙ። የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የሆነው አማኑኤል ግን ታሪኩ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ይጀምራል። ከአራዳ ተነሥቶ መርካቶን አለፍ ብሎ የሚገኘው ይህ ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በመላ አገሪቱ ለዚህ ሕመም የተለየ ብቸኛው ሆስፒታል ነበር። ከባሌም ከጎጃምም የመጣ ታማሚ እዚያው ያበቃ ነበር። ስሙ የስድብ ቃል ለመሆን የበቃውም ብቸኛ በመሆኑ ነው።

በሆስፒታሉ ካርድ ላይ የሚጻፈው ታሪክ የራሱ ቅርጽ አለው። የመጣበት ቀን፣ ያመጣው ዘመድ፣ የተናገረው፣ የታየበት ምልክት፣ የታዘዘለት መድኃኒት። የተሻለው ሰው መምጣት ሲያቆም ካርዱም ያቆማል። ስለዚህ በካርድ ክፍል ውስጥ የሚወፍረው ያልተሻለው ሰው ካርድ ነው፤ የዳነው ስስ ነው። ከሆስፒታል መዝገብ ብቻ ተነሥቶ የአእምሮ ሕመምን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከሕመሙ የሚመለስ የለም ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። በኒው ዮርክ ግዛት ዊላርድ በተባለ የተዘጋ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1995 የታማሚዎች ከ400 በላይ ሻንጣዎች ጣራ ሥር በተገኙ ጊዜ፣ መዝገቡ ያልያዘው ሕይወት ምን ያህል እንደ ነበር ታይቷል፤ ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ፣ የሥራ ዕቃ፣ የልጅ ልብስ።

በ1950ዎቹ ሮበርት ጊል የሚባሉ የኔዘርላንድስ የአእምሮ ሐኪም በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ፣ ሕመሙን ከሆስፒታል ግንብ ውጭ ለማየት ሞከሩ። ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት ጥናት በጊዮን፣ ማለትም በወሊሶ፣ በጸሎት የሚፈወሱ ሰዎችን የሚመለከት ነው። የጸሎት ቦታውን ሰው ሄዶ ማነጋገርና ነገሩን በትዕግሥት መመዝገብ በዚያ ዘመን ደፋር ሥራ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ የተሠራው በቡታጅራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በተጀመረው የገጠር ጤና ፕሮግራም ላይ ተመሥርቶ ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም በተካሄደው ጥናት 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀዋል። የሥነ አእምሮ ነርሶች ሥልጠና በ1980 ዓ.ም. ገደማ በአማኑኤል ተጀመረ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ነው።

በቡታጅራ ከተሠሩት ጥናቶች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው፣ ዝምታው ከየት እንደሚመጣ በቁጥር አሳይቷል። ከተጠየቁት 178 የታማሚ ቤተሰቦች 75 በመቶው መገለል እንደ ደረሰባቸው ወይም እንደሚሰማቸው ተናገሩ፤ 37 በመቶው በቤታቸው ታማሚ መኖሩን መደበቅ እንደሚፈልጉ ገለጹ። ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት ዘር ማጣራት በሚዘወተርበት አገር አንድ ሰው «እኔ ታምሜ ነበር» ሲል የእኅቱን የትዳር ዕድል አብሮ ይናገራል። የመዳን ታሪክ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ሰብሳቢው ከባለታሪኩ ፈቃድ ቢያገኝም ያልተጠየቁ ብዙ ሰዎች በታሪኩ ውስጥ አሉ።

የአራዳ የኅትመት ዓለም ለእንዲህ ያለ ታሪክ ቦታ የከፈተው ዘግይቶ ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914፣ አዲስ ዘመን ጋዜጣ በ1933 ተቋቁመው አካባቢውን የኅትመት መንደር ቢያደርጉትም፣ የግል ጭንቀት የጋዜጣ ጉዳይ አልነበረም። በ1985 የፕሬስ አዋጅ ከወጣ በኋላ መጽሔቱና ጋዜጣው ሲበዛ፣ በአራት ኪሎና በፒያሳ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ተከራይቶ የሚያነብ ሕዝብ ተፈጠረ። «እውነተኛ ታሪክ» የሚል ዓምድም ተወዳጅ ሆነ። የዓምዱ ጉድለት ታሪኩን ለማስደንገጫ መፈለጉ ነበር።

ለውጡ የመጣው በሌላ ሕመም በኩል ነው። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ኢትዮጵያውያን በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990 ግድም መቅድምና ተስፋ ጎሕ የተባሉ ማኅበራትን አቋቁመው በስማቸውና በፊታቸው ወጡ። «ቤተኛ» የተባለው የሬዲዮ ዝግጅት ደግሞ ባለታሪኮቹ የየቀን ውሏቸውን በራሳቸው ድምፅ እንዲያስደምጡ አደረገ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ቀላል ግን ጠቃሚ ነበር፤ ሰሚን የሚለውጠው ከፍጻሜው ይልቅ የዕለት ኑሮው ነው፣ መድኃኒት መዋጡ፣ ከአከራይ ጋር መጨቃጨቁ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረሱ። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ሬዲዮ የመዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ» አንድን ሰው በርካታ ሰዓት ሳያቋርጡ ማዳመጥ በአማርኛ ምን ያህል ሀብት እንደሚያወጣ አሳይቷል። በ1999 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ማወጃቸውም ለአእምሮ ሕመም በር ከፍቷል፤ በኋላ በአዲስ አበባ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችና የጸበል ቦታ አባቶች ተባብረው ታማሚ ማከም ጀምረዋል። የዳነው ሰው ከእንግዲህ ጸበሉን ለመመስከር መድኃኒቱን መደበቅ፣ ስለ መድኃኒቱ ለመናገርም ጸበሉን መካድ የለበትም።

በውጭው ዓለም የዚህ ሥራ ታዋቂ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1908 አሜሪካዊው ክሊፎርድ ቢርስ ስለ ራሱ ሕመምና ስለ ሆስፒታል ቆይታው ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ከአንድ ሰው መጽሐፍ ወደ ስብስብ የተሻገረው ቆይቶ ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት በእንግሊዝ የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ600 በላይ የማገገም ታሪኮችን አሰባስበው ለሌሎች ታማሚዎች ሲሰጡ ምን ለውጥ እንደሚያመጡ አጥንተዋል። እነዚሁ ተመራማሪዎች የስብስብ አዘጋጆችን ሲጠይቁ ተመላልሰው የሚነሡት ጉዳዮች ተቀራራቢ ሆነው አግኝተዋቸዋል፦ ማን ይካተታል፣ ማን ይቀራል፣ በጽሑፉ ላይ የመጨረሻ ቃል የማን ነው፣ አንባቢውንና ተራኪውን ከጉዳት የሚጠብቀው ምንድን ነው።

በአዲስ አበባም የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎች በማኅበር ተደራጅተው በየመድረኩ መናገር ከጀመሩ ወዲህ እነዚህ ጥያቄዎች የአገሩን መልክ ይዘው መጥተዋል። የመጀመሪያው የስም ነገር ነው። ስምን ለውጦ ማተም የተለመደ መፍትሔ ቢሆንም፣ በአራዳ የጎረቤት ዕውቀት ስም አይፈልግም፤ የሰፈሩ ዳቦ ቤት፣ የወንድሞች ቁጥር፣ የሥራው ዓይነት ከተጠቀሰ ባለቤቱ ይታወቃል። ጠንቃቃ ሰብሳቢ ከስሙ ይልቅ እነዚህን ይለውጣል። የክታቡ ደብተራ የሚፍቀው ስሙን ብቻ ነበር፤ ለእሱ ዘመን ይበቃው ነበር።

ሁለተኛው የመናገሪያው ወግ ነው። የኢትዮጵያ ሰው ስለ ውስጡ የሚናገርባቸው ሁለት የቆዩ መንገዶች አሉት። ምስክርነት ለሁሉ ይነገራል፤ ለነፍስ አባት የሚነገረው ኑዛዜ ግን ከሁለቱ ሰዎች አይወጣም። ለታሪክ ሰብሳቢ ወይም ለሐኪም የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ በኑዛዜ ስሜት ይጀምራል፤ ከዚያ ንግግሩ እንደ ምስክርነት ታትሞ ሲያየው ይደነግጣል። ስለዚህ ፈቃድ በመጀመሪያው ቀን በተፈረመ ወረቀት አያልቅም። ጽሑፉ ሲያልቅ ተነብቦለት፣ የሚወጣው ወጥቶ፣ በኋላም ሐሳቡን ከለወጠ ታሪኩን መልሶ የመውሰድ መብት ሊኖረው ይገባል። ለማያነብ ሰው የተቀዳው ድምፅ ራሱ ይመለስለታል፤ በዚህ ረገድ የጎንደር ሴቶች ያላገኙትን የዛሬው ባለታሪክ ሊያገኝ ይችላል።

ሦስተኛው የቃሉ ነው። የሙያው ሰዎች «ማገገም» የሚለውን ቃል መርጠዋል። አማርኛ ተናጋሪ ግን አገገመ የሚለው ከወባ ወይም ከቀዶ ሕክምና እየተነሣ ላለ፣ ገና ለደከመ ሰው ነው። «ዳነ» ደግሞ አልቆ ተፈጽሟል ማለት ነው። አድምጦ የሚጽፍ ሰው ተራኪው የተናገረውን ቃል ይተዋል፤ «ተሽሎኛል»፣ «ቀለል ብሎኛል»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» የሚሉት በመካከል ያለውን ሰፊ ኑሮ ከሁለቱም በተሻለ ይገልጹታል። የሕመሙ ምክንያት ነገርም እንዲሁ ነው። ተራኪዋ መንፈስ ነው ካለች መንፈስ ነው ብሎ መጻፍ፣ መድኃኒት ነው የረዳኝ ካለች እሱኑ መጻፍ፤ ሰብሳቢው አንዱን ቆርጦ ሌላውን ካስቀረ የቀረው ታሪክ የራሱ ነው።

የተጻፈው ሁሉ ተደምሮ ግን በአራዳ የኖረውን የመዳን ታሪክ አብዛኛውን አይይዝም። ትልቁን ክፍል የያዘው ሰፈሩ ነው። በሠራተኛ ሰፈር፣ በዶሮ ማነቂያ፣ በእሪ በከንቱ ጠባብ ግቢዎች ውስጥ ጎረቤት የታመመውን ሰው ከነስሙ ያውቀው ነበር፤ ክረምት ላይ ጨርቁን ጥሎ የሮጠው፣ ጸበል የተወሰደው፣ ከአማኑኤል በመድኃኒት የተመለሰው፣ ከዓመት በኋላ እንደ ቀድሞው ጫማ የሰፋው። ይህን የሚያስታውሱት ቡና የሚጠራሩ እናቶችና የዕድር ሰዎች ነበሩ፤ ለአዲስ መጪ ሰው «እሱ እኮ እንዲህ ሆኖ ነበር» ብለው በሹክሹክታ ያወርሱት ነበር። በ2016 በፒያሳና በአካባቢው ያሉ የቆዩ ሰፈሮች ለልማት ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወረ፤ የአንድ ግቢ ሰዎች በተለያየ ሕንፃ ላይ ተመደቡ። በአዲሱ ቦታ ስለ ሕመሙ የሚያውቅ ጎረቤት የለም። ለአንዳንዱ የዳነ ሰው ይህ እፎይታ ነው፤ ስሙ ተፍቆ እንደ አዲስ ተጽፎለታል። ታሪኩን ለመናገር የሚፈልገው ደግሞ፣ ያን ጊዜ እንዴት እንደ ነበረ አብሮ የሚያስታውስለት ምስክር አጥቷል። የአራዳን የመዳን ታሪኮች የሚሰበስብ ሰው እንግዲህ መቅረጸ ድምፁን ይዞ በገላን ጉራ ሕንፃዎች ደረጃ ላይ መውጣት አለበት።